በረዶም ይለካል፦ ሩም ፋብሪካ ውስጥ ኮክቴል መሥራት መማር

ዳይኪሪ የሚባለው ኮክቴል ሦስት ነገር ነው፤ ሩም (ከሸንኮራ አገዳ የሚወጣ መጠጥ)፣ ሎሚ፣ ስኳር። የካሪቢያን ደሴት በሆነችው ፖርቶ ሪኮ ውስጥ ሩም ፋብሪካ ገብቶ የኮክቴል ትምህርት የሚወስድ ሰው ጠረጴዛው ላይ የሚያገኘው እነዚህኑ ነው፤ ከአጠገባቸው ሼከር (መጠጥ የሚናጥበት ሁለት የብረት ጣሳ)፣ መለኪያ፣ የሎሚ መጭመቂያና አንድ ባልዲ በረዶ። የሁሉም ዓይን ጠርሙሱ ላይ ያርፋል፤ በረዶውን ልብ የሚለው ጥቂት ሰው ነው። ግን ብርጭቆው ተሞልቶ ሲቀርብ ከውስጡ ከሩብ በላይ የሚሆነው ከዚያ ባልዲ የወጣ ውሃ ነው። መጠጡ የሚሳካውም የሚበላሸውም በአብዛኛው እዚያ ላይ ነው። ይህን ትምህርት ለመውሰድ ላሰበ፣ ወይም ቤቱ ሆኖ መሞከር ለሚፈልግ፣ የሚያስፈልገውን ሁሉ ከነምክንያቱ እጽፋለሁ።

መጀመሪያ ቦታው። ከአሮጌው ሳን ሁዋን፣ ከዋና ከተማዋ የጥንት ሰፈር፣ በጀልባ ወሽመጡን ስትሻገሩ ካታኞ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። የባካርዲ ትልቁ የሩም ማምረቻና ካሳ ባካርዲ የሚባለው የጎብኚዎች ማዕከል ያለው እዚያ ነው፤ ከጀልባው ወደብ በታክሲ ቅርብ ነው። ኩባንያውን እ.ኤ.አ. በ1862 በኩባዋ ሳንቲያጎ ከተማ የመሠረተው ከስፔን ካታሎንያ የሄደ ነጋዴ፣ ፋኩንዶ ባካርዲ ማሶ ነው። ፖርቶ ሪኮ ላይ ማምረት የጀመሩት በ1936 ነው፤ በ1960 የኩባ አብዮታዊ መንግሥት ንብረታቸውን ሲወርስ ሥራው እዚህ ቀጠለ። ጠርሙሱ ላይ የምትታየው የሌሊት ወፍ መነሻዋ የመጀመሪያው ማምረቻ ጣሪያ ሥር ይኖሩ የነበሩ የሌሊት ወፎች ናቸው።

ከዋሽንግተን ወይም ከአትላንታ ለሚነሳ ሐበሻ ጉዞው ቀላል ነው። ፖርቶ ሪኮ የአሜሪካ ግዛት ስለሆነች በረራው የአገር ውስጥ ነው፤ ዜጋ ፓስፖርት አያስፈልገውም፣ ግሪን ካርድ ያለው ደግሞ ካርዱን ይያዝ። መጠጥ የሚፈቀደው ከ18 ዓመት ጀምሮ ነው፤ በዋናው አሜሪካ ግን 21 ነው። መታወቂያ ይዛችሁ ሂዱ። ቦታ አስቀድማችሁ ያዙ፤ ስትይዙም የትኬቱን ዓይነት በደንብ አንብቡ፤ ጉብኝቱ፣ የሩም ቅምሻውና የኮክቴል ትምህርቱ የየራሳቸው ትኬት አላቸው። ሼከር እጃችሁ ላይ የሚገባው በኮክቴል ትምህርቱ ብቻ ነው። በጉብኝቱ ትኬት ገብተው «መቼ ነው የምንሠራው?» የሚሉ ሰዎች የሚከፋቸው ለዚህ ነው።

በልታችሁ ግቡ። 60 ሚሊ ሊትር ባለ 40 በመቶ ሩም ውስጥ ወደ 19 ግራም ንጹህ አልኮል አለ። ሦስት ኮክቴል በሙሉ ልክ ከጠጣችሁ 57 ግራም ይሆናል፤ ያ ከአራት ባለ 330 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ቢራ በላይ ነው፣ ያውም በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ። ሎሚና ስኳሩ ስለሚሸፍነው አይታወቃችሁም። የሠራችሁትን ሁሉ መጨረስ ግዴታ አይደለም። ለመማር ሁለት ሦስት ጉንጭ ይበቃል። መኪና ይዞ መሄድም አያስፈልግም፤ ጀልባው አለ።

ሌላም ቦታ አለ። ከካታኞ ብዙም ሳይርቅ ባያሞን ውስጥ ሃሲየንዳ ሳንታ አና የሚባል አሮጌ የሸንኮራ እርሻ አለ፤ ከ1880 ጀምሮ ሮን ዴል ባሪሊቶ የተባለው ሩም የሚሰናዳበት። እዚያም የኮክቴል ትምህርት ይሰጣል። እነሱ ሩሙን የሚያረጁት የስፔን ሼሪ ወይን ባደረበት በርሜል ነው፤ ስለዚህ ሩማቸው ጠቆር ያለ፣ ዘቢብ ዘቢብ የሚል ነው። መጋዘኑ ውስጥ በ1942 ታሽጎ የተቀመጠ አንድ በርሜል አለ፤ የሚከፈተው ፖርቶ ሪኮ ነጻ አገር የሆነች ዕለት ነው ተብሎ፣ ያን ቀን ለሕዝብ በነጻ ሊቀዳ። እስከዛሬ እንደታሸገ ነው። ታሪክ ለሚወድ ሰው ያ በርሜል ብቻውን መንገዱን ያስኬዳል። ኮክቴል ለመማር ግን፣ በተለይ ለጀማሪ፣ ነጩ ሩም ይሻላል ባይ ነኝ። ጠቆር ያለው ሩም በራሱ ጣዕም ስህተታችሁን ይሸፍንላችኋል፤ ነጩ ግን የሎሚው ልክ 5 ሚሊ ቢዛነፍ ወዲያው ያሳብቃል።

ነጭ የሆነበት ምክንያት ደግሞ ብዙ ሰው እንደሚገምተው ስላላረጀ አይደለም። በፖርቶ ሪኮ ሕግ ሩም ቢያንስ አንድ ዓመት በኦክ በርሜል ማረፍ አለበት። ከበርሜሉ ቀለም ይዞ ይወጣል፤ ከዚያ በከሰል ተጣርቶ ቀለሙ ይለቀቃል። ጥሬ ዕቃው ሞላሰስ ነው፤ ከሸንኮራ አገዳ ጭማቂ ስኳሩ ተለይቶ ሲወጣ የሚቀረው ጥቁር ወፍራም ፈሳሽ። ወንጂ፣ መተሐራ ወይም ፊንጫ አካባቢ ያደገ ሰው ሽታውን ያውቀዋል። እኛ አገር ለከብት መኖና ለኢታኖል የሚሄደው ያው ሞላሰስ፣ ካሪቢያን ውስጥ በውሃ ቀጥኖ፣ እርሾ ገብቶበት፣ ተብላልቶና እንደ አረቄ ወጥቶ ሩም ይሆናል። የሚገርመው፣ ፖርቶ ሪኮ ራሷ ዛሬ ስኳር ፋብሪካ የላትም፤ ሞላሰሱ በመርከብ ከውጭ ነው የሚመጣው።

አረቄ ሲወጣ ያየ ሰው የፋብሪካውን ሥራ ለመረዳት አይቸገርም። ድፍድፉ ይሞቃል፤ አልኮሉ ከውሃው ቀድሞ ይተናል፤ እንፋሎቱ በቀዝቃዛ መንገድ አልፎ ይንጠባጠባል። ልዩነቱ፣ የእናቶቻችን ማሰሮ አንድ ድፍድፍ ጨርሶ ነው ሌላ የሚጣደው፤ ዳግም አረቄ የሚፈልግም ያወጣውን መልሶ ይጥዳል። የካታኞው ማማ ግን ሳያቋርጥ ከላይ ድፍድፍ እየተቀበለ፣ በውስጡ ባሉት ተደራራቢ ሳህኖች ላይ ያንኑ ዳግም ማውጣት ደጋግሞ በአንድ ጊዜ ይሠራዋል። ለዚህ ነው የሚወጣው መጠጥ ቀለል ያለና ሽታው የሳሳ የሚሆነው። ለኮክቴል የተመቸውም በዚሁ ነው።

አሁን ጠረጴዛው ጋ እንምጣ።

ሎሚው። መጭመቂያው ሁለት ጎድጓዳ ማንኪያ የተገጣጠመ የሚመስለው በእጅ የሚጨመቅ ነው፤ የታችኛው ቀዳዳ አለው። ሎሚውን ወገቡ ላይ ለሁለት ቁረጡት። አሁን ግማሹን ስታስገቡ የተቆረጠው ፊት ወደ ታች፣ ወደ ቀዳዳዎቹ ይሁን። የመጭመቂያው ቅርጽ ሰውን ያሳስታል፤ ግማሽ ሎሚ እንደ ጽዋ ልክ ቁጭ የሚልበት ይመስላልና ብዙዎች ልጣጩን ወደ ታች ያደርጉታል። ያኔ ጭማቂው መውጫ አጥቶ ወደ ጎን፣ ወደ ሸሚዝና ወደ ዓይን ይረጫል፤ ግማሹም እዚያው ይቀራል። በትክክል ሲገባ የላይኛው ክንድ ልጣጩን ከላይ ተጭኖ እንደ ካልሲ ይገለብጠዋል፤ ጭማቂው በቀዳዳው ቀጥ ብሎ ይወርዳል። አንዴ ጭመቁና ተዉት። ሎሚው ደርቆ እስኪንጫጫ ድረስ ደጋግሞ መጭመቅ ከልጣጩ መራራ ዘይት ያወጣል፤ የዚያ ምሬት በኋላ በስኳር አይታረምም።

ሎሚ ጨምቆ ማሳደር አይሆንም። በዕለቱ የተጨመቀ ይሁን፤ ባደረ ቁጥር ሽታው እየሞተ፣ ጣዕሙ የቆየ ነገር እየመሰለ ይሄዳል። የታሸገ የሎሚ ጭማቂ ከሆነማ ትምህርቱን ባትጀምሩት ይሻላል።

የስኳር ውሃው። 200 ግራም ስኳር፣ 200 ግራም ውሃ፤ በሚዛን። ሙቅ ውሃ ስኳሩን በደቂቃ ያሟሟዋል፣ መፍላት አያስፈልገውም። ከፈላ ውሃው ይተንና ልኩ ይጠፋል፤ ዛሬ የሠራችሁትና የዛሬ ሳምንት የምትሠሩት አንድ አይሆኑም። ከዚህ ወደ 325 ሚሊ ይወጣል፤ ፍሪጅ ውስጥ ሁለት ሳምንት ይቆያል። ደመና ደመና የመሰለ ነገር ካያችሁበት ድፉት። ስኳርን ለምን እንዳለ አንጨምርም? ቀዝቃዛ ሎሚና አልኮል ውስጥ ቶሎ አይሟሟም፤ ግማሹ ሼከሩ ሥር ተቀምጦ ይቀራል፣ እናንተ መጠጡ ኮምጥጧል ብላችሁ ሌላ ትጨምራላችሁ።

መለኪያው። ባርቴንደሮች ጂገር ይሉታል፤ የእኛው የአረቄ መለኪያ ወገን ነው። እስከ አፉ ሙሉት፤ «ሊሞላ ትንሽ የቀረው» መለኪያ ለካ አይባልም። አንድ የስሌት ነገር እዚህ ላይ አስተውሉ፦ ሩሙ ላይ 5 ሚሊ ብትሳሳቱ ከ60ው 8 በመቶ ነው፤ ብዙም አይታወቅም። ሎሚው ላይ 5 ሚሊ ብትሳሳቱ ከ22ቱ ከአምስት አንዱ በላይ ነው፤ መጠጡ ሌላ መጠጥ ይሆናል። ስለዚህ ጥንቃቄያችሁ ሁሉ ትንንሾቹ ልኮች ላይ ይሁን። ሰው ግን በተፈጥሮው ተቃራኒውን ያደርጋል፤ ውዱን ነገር በጥንቃቄ ይለካና ሎሚውን በግምት ያፈሰዋል።

የዳይኪሪው ልክ እንግዲህ ይኸው፦ 60 ሚሊ ነጭ ሩም፣ 22 ሚሊ የሎሚ ጭማቂ፣ 22 ሚሊ የስኳር ውሃ። ቅደም ተከተሉ ሎሚ፣ ከዚያ የስኳር ውሃ፣ ከዚያ ሩም ነው። ርካሹን ማስቀደም ጥቅሙ፣ ብትሳሳቱ የምትደፉት ሎሚ እንጂ ሩም አይሆንም። በረዶው የመጨረሻው ነው። በረዶ አስቀድማችሁ ሞልታችሁ እየለካችሁ ከቆያችሁ ሳትነኩት ይቀልጣል። መጠጡ፣ ታሪኩን የሚያወሩት እንደሚሉት፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ በሳንቲያጎ አቅራቢያ የማዕድን ሥራ ላይ ከነበረ ጄኒንግስ ኮክስ ከሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ የመጣ ነው፤ ዳይኪሪ የመንደሩ ስም ነው።

መናጡ። ሁለቱ የብረት ጣሳዎች ሲገጠሙ የላይኛው ቀጥ ብሎ ሳይሆን ትንሽ ጋደል ብሎ ይቀመጥ፤ በአንድ በኩል ግድግዳቸው ይገናኛል፣ በሌላው በኩል ክፍተት ይኖራል። አናቱን በመዳፍ አንዴ መታ አድርጉ። ከዚያ ትንሹን ጣሳ ወደ ራሳችሁ፣ ትልቁን ወደ ውጭ አድርጋችሁ፣ አንድ እጅ ከላይ አንድ እጅ ከታች ይዛችሁ በትከሻ ቁመት ወደ ፊትና ወደ ኋላ በኃይል ናጡት። ቢያመልጥ እንኳ ጠረጴዛው ጋ ያለው ሰው ላይ አይደፋም፣ እናንተው ላይ ነው። እንደ ወተት መናጥ በቀስታ አይደለም፤ በረዶው ከጣሳው ጫፍ እስከ ጫፍ ሄዶ ሲመታ ይሰማ። ከ10 እስከ 12 ሰከንድ። መጀመሪያ ድምፁ ጠንካራና ጎላ ያለ ነው፤ በረዶው እየተሰባበረ ሲሄድ ይለሰልሳል። ጣሳው ከውጭ ነጭ አመዳይ ሲለብስና ጣታችሁን መያዝ ሲጀምር ደርሷል።

ብዙ ሰው የሚቸገረው መክፈቱ ላይ ነው። ውስጥ ያለው አየር ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፣ ጣሳዎቹም ይጣበቃሉ። በጉልበት ማጠማዘዝ አይከፍተውም። ሁለቱ ጣሳዎች ተገናኝተው ክፍተቱ የሚጀምርበትን ቦታ ፈልጉ፤ እዚያ ላይ የትልቁን ጣሳ ጎን በመዳፋችሁ ተረከዝ አንዴ ምቱት። ይለቃል። ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ መምታት ጣሳውን ያጎብጠዋል፤ የጎበጠ ጣሳ ደግሞ ከዚያ ወዲያ ያፈሳል።

አሁን ወደ በረዶው። 104 ሚሊ ያህሉን ፈሳሽ ከ25 ዲግሪ ወደ 5 ዲግሪ ከዜሮ በታች ለማውረድ የሚያስፈልገውን ሙቀት ብታሰሉት፣ ያን ያህል ሙቀት ለመዋጥ ወደ 35 ግራም በረዶ መቅለጥ አለበት። ጣሳውም ራሱ መቀዝቀዝ ስላለበት ትንሽ ይጨመራል። ማለትም መጠጡን ያቀዘቀዘው በረዶው «መኖሩ» አይደለም፣ መቅለጡ ነው። ውሃ ሳይገባበት የቀዘቀዘ ዳይኪሪ በመናጥ አይገኝም፤ መቀዝቀዙና መቅጠኑ አንድ ድርጊት ናቸው። እና ያ ውሃ ጠላት አይደለም። 60 ሚሊ ሩም ያለበት፣ ውሃ ያልገባበት ቅልቅል 23 በመቶ አልኮል ነው፤ ጉሮሮ ያቃጥላል፣ ሎሚውም ስኳሩም ይጮኻሉ። በረዶው ቀልጦ 145 ሚሊ ገደማ ሲሆን ወደ 16 ወይም 17 በመቶ ይወርዳል። ጣዕሙ የሚከፈተው ያኔ ነው። «ውሃ እንዳይበዛበት» ብለው አምስት ሰከንድ ነቅንቀው የሚያቆሙ ሰዎች መጠጡን ያበላሹት በመሰሰት ነው።

ታዲያ ውሃው የሚበዛው መቼ ነው? በረዶው ርጥብ ሲሆን። ከፍሪዘር አሁን የወጣ በረዶ ላዩ ደረቅ ነው፣ ጣት ላይ ይለጠፋል። ሞቃት ክፍል ውስጥ ግማሽ ሰዓት ባልዲ ውስጥ የቆየ በረዶ ግን ላዩ ሁሉ ውሃ ለብሷል፤ ያ ውሃ ሳያቀዝቅዝ ነው የሚገባው። ሳን ሁዋን ውስጥ፣ በዚያ ሙቀት፣ ይህ ሁልጊዜ ያጋጥማል። የትምህርቱ ሦስተኛ መጠጥ ላይ ስትደርሱ ባልዲው ሥር ውሃ ካቋረ፣ በረዶውን ማጥለያው ላይ አንጠፍጥፋችሁ ተጠቀሙበት፣ ወይም አዲስ እንዲመጣ ጠይቁ። መጠየቅ ነውር አይደለም፤ አስተማሪው እንዲያውም ደስ ይለዋል። መጠኑ ደግሞ ትልቁን ጣሳ ሁለት ሦስተኛ የሚሞላ ይሁን። ሦስት አራት ፍሬ ብቻ ማድረግ ቁጠባ ይመስላል፤ ጥቂት በረዶ ግን ፈጥኖ ይሳሳና መጠጡ ሳይበርድ ይቀጥናል።

ስትቀዱ ሁለት ማጥለያ ተጠቀሙ፤ አንዱ ጣሳው ላይ የሚቀመጠው ጥቅልል ሽቦ ያለው፣ ሌላው የሻይ ማጥለያ የመሰለው ወንፊት። ወንፊቱ የበረዶ ስብርባሪና የሎሚ ፍርፋሪ ይይዛል። ብርጭቆው አስቀድሞ ፍሪዘር ውስጥ የቆየ ይሁን። ጠጡትና እንዲህ ፍረዱ፦ ጥርስ የሚያስነክስ ከሆነ 5 ሚሊ የስኳር ውሃ፤ ምላስ ላይ የሚለጠፍ ከሆነ 5 ሚሊ ሎሚ፤ ሁለቱም ልክ ሆነው የሚያቃጥል ከሆነ በረዶው ጋ መልሳችሁ ሌላ 3 ሰከንድ። ፈዝዞ ውሃ ውሃ ካለ ግን መድኃኒት የለውም፤ እንደገና ጀምሩ። ሁሉም ነገር ልክ ሆኖ አንድ ነገር የጎደለው ከመሰላችሁ አንዲት ቁንጣሪ ጨው ሞክሩ፤ ወጥ ላይ የምትሠራውን እዚህም ትሠራለች።

ሞሂቶ ከዚህ ቀላል ነው፣ ቅጠሉን ካልገደላችሁት። 8 ወይም 10 የናና ቅጠል፣ 20 ሚሊ ሎሚ፣ 20 ሚሊ የስኳር ውሃ ረጅም ብርጭቆ ውስጥ አድርጉና በእንጨት መጨፍለቂያው ሦስት አራቴ ተጫኑት። መጨፍለቂያው ዘነዘና ስለሚመስል እጃችን እንደ ቡና ለመውቀጥ ይቃጣዋል። አይወቀጥም። የናናው ሽታ ያለው ቅጠሉ ላይ ባሉ ትንንሽ የዘይት ከረጢቶች ውስጥ ነው፤ ጫን ሲሉት ይለቀቃል። ሲወቀጥ ግን ቅጠሉ ራሱ ይበጣጠስና ሣር ሣር የሚል ምሬት ያመጣል፤ ስብርባሪው ደግሞ ጥርስ ላይ ይቀራል። ከዚያ 60 ሚሊ ሩም፣ የተፈጨ በረዶ እስከ አፉ፣ ከላይ 60 ሚሊ የሶዳ ውሃ። በረጅም ማንኪያ ከሥር ወደ ላይ አንዴ ሳብ አድርጉ። ለጌጥ የሚቀመጠውን የናና ዘለላ መዳፋችሁ ላይ አንዴ አጨብጭቡበት፤ ከመጠጣታችሁ በፊት አፍንጫ የሚያገኘው እሱን ነው።

አዲስ አበባ ላይ ሶዳውን በአምቦ ውሃ ለመተካት የሚያስብ ይኖራል። ይሆናል፤ ግን አምቦ ውስጥ ያለው ባይካርቦኔት አሲድ ያረግባል፤ ሎሚውን ይለሰልሰዋል። ሎሚውን 5 ሚሊ ጨመር አድርጉ። ጨው ጨው ማለቱን እኔ እወድለታለሁ።

ፒኛ ኮላዳ የደሴቲቱ ኩራት ነው። በ1954 ካሪቤ ሂልተን ሆቴል ውስጥ ራሞን ማሬሮ የተባለ ባርቴንደር እንደፈጠረው ይነገራል፤ አሮጌው ሳን ሁዋን ውስጥ ያለው ባራቺና ምግብ ቤት ደግሞ በ1963 እዚህ ነው የተፈጠረው የሚል ጽሑፍ ሰቅሏል። በ1978 የፖርቶ ሪኮ ብሔራዊ መጠጥ ተብሏል። ልኩ 60 ሚሊ ሩም፣ 90 ሚሊ የአናናስ ጭማቂ፣ 45 ሚሊ የኮኮናት ክሬም፣ 150 ግራም ገደማ የተፈጨ በረዶ፤ ብሌንደር ውስጥ ድምፁ እኩል እስኪሆን፣ 15 ወይም 20 ሰከንድ። ቤት ሲሠራ የሚከሽፈው በአንድ ነገር ነው፤ በኮኮናቱ። ለዚህ መጠጥ የሚያስፈልገው እንደ ኮኮ ሎፔዝ ያለ ስኳር የተደረገበት የኮኮናት ክሬም ነው። ለወጥና ለሾርባ የሚሸጠው ጣሳ ስኳር የለውም፤ በእሱ ከሠራችሁ ቅባት ቅባት የሚልና የማይጣፍጥ ነገር ታገኛላችሁ። ያ ብቻ ከተገኘ 15 ሚሊ የስኳር ውሃ ጨምሩበት። 10 ሚሊ ሎሚ የማይገባበት ፒኛ ኮላዳ ደግሞ፣ ባህላዊው አሠራር ባይጠይቀውም፣ ለእኔ ከባድ ነው።

ቤት ስትመለሱ አንድ ነገር ይለወጣል፤ ሎሚው። አሜሪካ ውስጥ በብዛት የሚሸጠው ትልቁ አረንጓዴ፣ ፍሬ አልባው ሎሚ ነው፤ አንዱ ወደ 30 ሚሊ ይወጣዋል። የእኛ አገሩ ትንሹ፣ ፍሬ የበዛበት፣ ሲበስል ቢጫ የሚሆነው ሎሚ ሽታው የበለጠ፣ ኮምጣጣነቱም የከረረ ነው። በእሱ ስትሠሩ 22ቱን ወደ 18 አውርዱት፣ ቅመሱና ከዚያ ጨምሩ። ለአንድ ብርጭቆ ሁለት ሎሚ ያዙ። የመጀመሪያዎቹ የኩባ ዳይኪሪዎች የተሠሩት በዚሁ በትንሹ ሎሚ ዓይነት እንደነበር ስለማምን፣ በአገር ቤት ሎሚ የተሠራ ዳይኪሪ ጉድለት ያለበት ምትክ ነው ብዬ አላስብም። ሩሙን በቤት አረቄ መተካትን ግን አልመክርም። አረቄ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ስንት በመቶ እንደሆነ ጠርሙሱ ላይ ስለማይጻፍ ከላይ ያለው ስሌት ሁሉ ይፈርሳል።

ሩሙንና የስኳር ውሃውን ፍሪጅ ውስጥ ካቆያችኋቸው የሚቀልጠው በረዶ ይቀንሳል፤ ያኔ ሦስት ሰከንድ ጨምራችሁ ናጡ። ትምህርቱ እጃችሁ ላይ መቅረቱን ማወቅ ከፈለጋችሁ የኩሽና ሚዛን አውጡ። ባዶውን ብርጭቆ መዝኑ፤ ዳይኪሪውን ቀድታችሁ እንደገና መዝኑና የብርጭቆውን ቀንሱ። ሩሙ፣ ሎሚውና የስኳር ውሃው አንድ ላይ 107 ግራም ገደማ ናቸው፤ ከዚያ በላይ ያለው ውሃ ነው። ጣሳውና ወንፊቱ ላይ የሚቀረውን ጠብታ አትርሱት። 140 ወይም 150 አካባቢ ከመጣ ልክ ናችሁ። 125 ከሆነ ቶሎ አቁማችኋል። 170 ካለፈ ደግሞ እጃችሁን አትውቀሱ፤ በረዶውን ከፍሪዘር ስታወጡት ላዩ ደረቅ እንደነበር ተመልከቱ።